በጠባቧ ቀዳዳ የገባው ካርድ

ላፕቶፕ የገዛ ሰው ግራፊክሱንም አብሮ ገዝቷል ይባል ነበር። ራም መጨመር ይቻላል፤ ሃርድ ዲስክ መቀየር ይቻላል፤ ግራፊክሱ ግን ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ ደካማ ከሆነ ደካማ እንደሆነ ይኖራል። እኔም ይህንኑ አምኜ ነበር የምኖረው። በ2010 ዓ.ም. መግቢያ፣ በፈረንጆቹ 2017 መገባደጃ ላይ ግን ለዴስክቶፕ የተሠራ ግራፊክስ ካርድ ከላፕቶፕ ጋር ከውጭ በኩል ሊገናኝ እንደሚችል በዓይኔ አየሁ። ከዚያ ወዲህ የተሻሉ መሣሪያዎች በእጄ አልፈዋል፤ የዚያን ጊዜውን ያህል የምወደው ግን የለም። ዛሬ የማነሳውም ስለናፈቀኝ ብቻ አይደለም፤ አሮጌ ላፕቶፕ ይዞ ትልቅ ሥራ የሚመኝ ወጣት አሁንም ብዙ ስለሆነ ነው።

ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ነበርኩ። ላፕቶፔ ቲንክፓድ ቲ430 ነበረች፤ በፈረንጆቹ 2012 ገበያ ላይ የዋለች ሞዴል ናት (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በፈረንጆቹ ናቸው)። ውጭ አገር አገልግላ መጥታ መገናኛ አካባቢ ከሚሸጡት ያገለገሉ ላፕቶፖች መካከል ነው የገዛኋት። አካሏ ጠንካራ፣ ኪቦርዷ ለእጅ የሚመች፣ ፕሮሰሰሯ ባለ ሁለት ኮር አይ5 ነበር። ለግራፊክስ ከኢንቴሉ ሌላ ኤንቪኤስ 5400ኤም የሚባል ትንሽ የኤንቪዲያ ቺፕ ነበራት፤ 96 የማስሊያ ኮሮችና አንድ ጊጋባይት ሜሞሪ ብቻ ያለው።

ለዲዛይን ትምህርት የያዝኩት ሥራ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነበር። የንባብ አዳራሹ ብርሃን የሚያገኘው ከጣሪያው ሥር ከተደረደሩ ጠባብ መስኮቶች ነው። ያ ብርሃን ግድግዳውን መትቶ፣ ወለሉ ላይ አርፎ፣ መደርደሪያዎቹ መሀል ሲደርስ ምን እንደሚመስል ለመምህራኖቼ ለማሳየት ጓጉቼ ነበር። የምሠራው ብሌንደር በሚባል የምስል መሥሪያ ሶፍትዌር ነው፤ ነፃ ስለሆነ ማንም ተማሪ ያለ ክፍያ ሊይዘው ይችላል። ከ2011 ጀምሮ በውስጡ ያለው ሳይክልስ የተባለው ሞተር ደግሞ የብርሃን ጨረሮችን መንገድ እየተከተለ ነው ምስሉን የሚሠራው። ለእያንዳንዷ የምስል ነጥብ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጨረሮች ያስፈልጋሉ። ከቀነሱ ምስሉ ነጠብጣብ ይሆናል። የቤት ውስጥ ትዕይንት ከሁሉም ይከብዳል፤ ብርሃኑ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየነጠረ ብዙ ስለሚዞር።

ማታ ምስሉን የማውጣት ሥራውን፣ ሬንደሩን፣ አስጀምሬ እተኛለሁ፤ ጠዋት ስነሳ ላፕቶፗ ገና ግማሽ ላይ ናት። እናቴ ሌሊት ለውኃ ስትነሳ የማራገቢያውን ጩኸት ትሰማና ጠዋት ትጠይቀኛለች። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኸው ምን ሆኖ ነው?» «እማዬ፣ ሥዕል እየሠራ ነው» እላታለሁ። «አይ! አንተ በእጅህ ብትሥለው አይፈጥንም?» ትለኛለች ከልቧ። ሥራውን ለኤንቪኤሱ ልስጠው ብልም አዳራሹ፣ መደርደሪያው፣ መጽሐፉና የእንጨቱ ምስል ተደምረው በአንድ ጊጋባይት ውስጥ አይገቡም። በዚያ ዘመን ብሌንደር በግራፊክስ ካርድ ሲሠራ ትዕይንቱ በሙሉ ካርዱ ሜሞሪ ውስጥ መግባት ነበረበት።

ላፕቶፗ ሙቀት ሲበረታባት ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኳት። ባለሙያው ከቴፕና ከራዲዮ ጀምረው ኮምፒውተር ላይ የደረሱ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ማራገቢያዋን አጽድተው፣ ፕሮሰሰሯ ላይ የደረቀውን ቅባት ቀይረው ሲገጥሟት ጠየቁኝ።

«ምን እያሠራሃት ነው እንዲህ የምትግለው?»

ነገርኳቸው። ላፕቶፗን አዘንብለው ከጎኗ ያለችውን ባዶ ቀዳዳ በካቻቢቴያቸው ጫፍ አሳዩኝ።

«ይቺንስ ምን ታደርግባታለህ?»

«ምንም አላደርግባትም ጋሼ። የድሮ ኢንተርኔት ካርድ የሚሰካባት አይደለችም እንዴ?»

«እሱም ይሰካባታል። ግን ዴስክቶፕ ውስጥ ግራፊክስ ካርድ የሚሰካበት መስመር እዚህችም ውስጥ አለ፤ ቀጭን ሆኖ ነው እንጂ ያው ነው» አሉኝና ብሎኑን ማጥበቅ ቀጠሉ።

ያ ንግግራቸው ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ቀዳዳዋ ኤክስፕረስካርድ ትባላለች፤ ደረጃዋ የወጣው በ2003 ነው። ሞደም፣ የድምፅ ካርድ፣ የሜሞሪ ማንበቢያ እንዲሰካባት ታስባ ነው የተሠራችው። በውስጧ ግን የዩኤስቢ መስመር ብቻ ሳይሆን አንድ የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመርም ያልፋል። የዴስክቶፕ ግራፊክስ ካርድ 16 መስመር ባለው ረጅም ማስገቢያ ላይ ይሰካል፤ ይሁንና የፒሲአይ ኤክስፕረስ ሥርዓት ሲነደፍ ሁለት ዕቃዎች ሲገናኙ መጀመሪያ ተጠያይቀው፣ ሁለቱም ባላቸው የመስመር ብዛት እንዲስማሙ ተደርጎ ነው። ባለ 16 መስመሩ ካርድ አንድ መስመር ብቻ ቢያገኝ በአንዱ ይሠራል። ይህን ሳነብ የተሰማኝን ደስታ እስከዛሬ አስታውሰዋለሁ። ማንም ያልከለከለኝን በር ተዘግቷል ብዬ እኖር ነበር።

ከዚያ በኋላ ዕቃ ፍለጋ ሆነ። ላፕቶፗንና ካርዱን የሚያገናኘውን ትንሽ ሰሌዳ ዱባይ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ገዝታ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው ላከችልኝ። ኢኤክስፒ ጂዲሲ የሚባለው ዓይነት ነው፤ በአንድ በኩል 34 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ካርድ ወደ ላፕቶፗ ይገባል፣ ከዚያ ወፍራም ኬብል ይቀጥላል፣ በሌላው ጫፍ ሰሌዳው ላይ የዴስክቶፕ ማስገቢያ አለ። በስልክ ስታናግረኝ «ይሄን የሚያህል ብረት ከላፕቶፕ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ስገልጽላት ቆይታ «እንግዲህ ሲሠራ ፎቶ ላክልኝ» አለችኝ።

ካርዱን ያገኘሁት የሠርግ ቪዲዮ ከሚያቀናብር ስቱዲዮ ነው። ባለቤቱ ዴስክቶፑን ሊያሳድግ ስለነበር ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ካርዱን ሸጠልኝ። በየካቲት 2014 የወጣ፣ 640 ኮሮችና 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ካርድ ነው። ዘመኑ ለግራፊክስ ካርድ ገዢ ክፉ ነበር፤ ኢቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርቱ ሰዎች በዓለም ዙሪያ ካርዶችን እየጠራረጉ ዋጋውን ሰማይ አድርሰውታል። ኢቴሪየም ለማምረት ያስፈልግ የነበረው ፋይል ግን በየጊዜው እያደገ ይሄድ ስለነበር በዚያን ጊዜ ባለ 2 ጊጋባይት ካርድ ላይ አይገባም ነበር። ለእነሱ የማይረባው ካርድ ለእኔ ቀረልኝ።

750 ቲአይ ሌላም በጎ ጠባይ ነበረው። የሚፈልገው ኃይል 60 ዋት ነው፤ ማስገቢያው ራሱ እስከ 75 ዋት መስጠት ስለሚችል የእኔ ዓይነቶቹ ተጨማሪ የኃይል ገመድ አይፈልጉም። ያም ሆኖ ኤክስፕረስካርድ ለእንዲህ ያለ ዕቃ የሚበቃ ኃይል ስለማይሰጥ ሰሌዳውን የሚመግብ የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ ያስፈልጋል። እሱን ከመርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ አመጣሁት። ጋሼ ከፍተው አጸዱት፣ በመለኪያቸው 12 ቮልቱን አዩና «ይሄ ይሠራልሃል፤ ብቻ ምንጣፍ ላይ እንዳታስቀምጠው፣ አየር ይፈልጋል» አሉኝ።

ያገናኘሁት በአንድ ቅዳሜ ማታ ነው። ታናሽ ወንድሜ የእጅ ባትሪ ያበራልኛል፣ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። ካርዱን ሰሌዳው ላይ ሰካሁት፤ የፓወር ሰፕላዩን ባለ 24 እግር መሰኪያ አገናኘሁ፤ ኬብሉን በላፕቶፗ ጎን አስገባሁ። ቅደም ተከተሉ የተወሰነ ነው። መጀመሪያ ካርዱ ኃይል ያገኛል፣ ቀጥሎ ላፕቶፗ ትበራለች፤ ሥራ ላይ እያለ ኬብሉን መንቀል አይገባም። ሰሌዳው ላይ ያለች ትንሽ ማብሪያ ደግሞ የካርዱን መታየት በጥቂት ሰከንዶች ታዘገየዋለች፤ አንዳንድ ላፕቶፖች ገና ሲነሱ ያላወቁት ዕቃ ሲያጋጥማቸው ስለሚቆሙ። የካርዱ ማራገቢያ መዞር ሲጀምር ወንድሜ «ዞረ! ዞረ!» ብሎ ጮኸ።

ዊንዶውስ ካርዱን በስሙ አወቀው፤ ስሙ አጠገብ ግን ቢጫ ምልክት ወጣ። ኮድ 12 ይላል፤ ለዚህ ዕቃ የሚበቃ ነፃ ቦታ አላገኘሁም ማለቱ ነው። ይህ ኮድ በዚህ ሥራ ያለፈ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ዕቃ የአድራሻ ክልል ይመድባል፤ የዚያ ዘመን ላፕቶፖች ደግሞ ክልሉን የሚመድቡት ከ4 ጊጋባይት በታች ባለው ጠባብ ስፍራ ውስጥ ነው። 750 ቲአይ ብቻውን 256 ሜጋባይት ያልተቆራረጠ ክልል ይጠይቃል። የኢንቴሉ ግራፊክስ፣ ኤንቪኤሱና ሌሎቹ ዕቃዎች ክልላቸውን ከያዙ በኋላ ለአዲሱ እንግዳ የሚበቃ አልተረፈም። መፍትሔው ባዮሱ (የላፕቶፗ መነሻ ቅንብር) ውስጥ ነበር፤ የግራፊክሱን ምርጫ በኢንቴሉ ብቻ ላይ ሳደርገው ትንሹ ኤንቪኤስ ከመድረኩ ወረደ፣ ቦታውም ተለቀቀ። ላፕቶፗ ዳግመኛ ስትነሳ ቢጫው ምልክት አልነበረም። ድራይቨሩን ጫንኩ።

ብሌንደርን ከፍቼ የንባብ አዳራሹን ለአዲሱ ካርድ ሰጠሁት። በዚያው ዓመት መስከረም የወጣው ብሌንደር 2.79 የነጠብጣብ ማጥሪያ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ስለዚህ ያነሱ ጨረሮችም ይበቁ ነበር። ያኔ ምስሉ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች እየተከፈለ ነበር የሚሠራው፤ ለፕሮሰሰር 16 ወይም 32 ነጥብ የሆኑ ትንንሾች ይሻላሉ፣ ለግራፊክስ ካርድ ደግሞ 256 የሆኑ ትልልቆች። በስክሪኑ ላይ ብርቱካናማ ጠርዝ ያለው ትልቅ አራት ማዕዘን ብቅ ሲል፣ ከሥሩ የእንጨቱ ወለል ሲገለጥ፣ ቀጥሎ የመስኮቱ ብርሃን ሲመጣ፣ ሦስታችንም ዝም ብለን እናይ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ፈጅቶም የማያልቀው ምስል ራት በልተን ሳንነሳ አለቀ። እናቴ ጠጋ ብላ አየችውና «ይሄ ቤት የት ነው ያለው?» አለችኝ። ከዚያ የሚበልጥ ምስክርነት ከማንም አልጠበቅሁም። ፎቶውንም ለአክስቴ ልጅ በዚያው ሌሊት ላክሁላት።

ደስታው ሲረጋ አንድ ጥያቄ ያዘኝ። የቲ430ዋ መስመር በሁለተኛው ትውልድ ፍጥነት የሚሠራ አንድ መስመር ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ቢበዛ በሰከንድ 500 ሜጋባይት ያሳልፋል። ያው ካርድ በዘመኑ ዴስክቶፕ ላይ በ16 የሦስተኛ ትውልድ መስመሮች ወደ 16 ጊጋባይት ያገኝ ነበር። መንገዱ ከሠላሳ እጥፍ በላይ ጠቧል፤ ሥራው ግን ከዴስክቶፑ እምብዛም አላነሰም። እንዴት ሆነ?

መልሱን ስረዳ ስለ ኮምፒውተር ያለኝ አስተሳሰብ ተለወጠ። እህል ወደ ወፍጮ ቤት የሚወስደው መንገድ ጠባብ ቢሆን ጆንያው የሚሸከመው አንዴ ነው፤ መፍጨቱ እዚያው ወፍጮ ቤት ውስጥ ያልቃል። የእኔም አዳራሽ 2 ጊጋባይቱን ቢሞላ እንኳ በዚያች ቀጭን መስመር ለመሻገር የሚፈልገው አራት አምስት ሰከንድ ያህል ነው። ከዚያ ወዲያ ካርዱ የሚያስፈልገው ሁሉ በራሱ ሜሞሪ ውስጥ ስላለ ለደቂቃዎች ብቻውን ያሰላል። በመጨረሻ የሚመለሰው አንድ ምስል ነው። ስለዚህ ወሳኙ የመንገዱ ስፋት ብቻ አይደለም፤ በመንገዱ ላይ ምን፣ በየስንት ጊዜው ይመላለሳል የሚለው ነው።

የዚህን ሌላኛውን ገጽ ያሳየኝ ወንድሜ ነው። የኳስ ጨዋታ ሊሞክርበት ፈለገ። ጨዋታ እንደ ሬንደር አይደለም፤ ፕሮሰሰሩና ካርዱ በየሰከንዱ 60 ጊዜ ያህል ይነጋገራሉ። ወንድሜ የሚያየው ደግሞ በላፕቶፗ ስክሪን ላይ ስለነበር ካርዱ የሠራው ምስል በዚያችው መስመር ተመልሶ መምጣት ነበረበት። ስናሰላው ገረመን። 1920 በ1080 ነጥብ የሆነ አንድ ምስል፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ቢያዝ፣ ወደ 8.3 ሜጋባይት ይሆናል። በሰከንድ 60 ምስል ሲሆን ወደ 498 ሜጋባይት ይደርሳል። የመመለሻ መንገዱ በሙሉ በምስል ተያዘ ማለት ነው። ስለዚህ ከጎረቤት ሞኒተር ተውሰን በቀጥታ ካርዱ ላይ ሰካነው። ምስሉ ወደ ላፕቶፗ መመለሱ ቀረ፣ ጨዋታውም ወዲያው ቀለለ። ወንድሜ ያን ቀን ስለ ጎሉ ሳይሆን ስለ ሜጋባይቱ ሲያወራ አመሸ፤ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ፍቅሩም ከዚያ ማታ እንደጀመረ ራሱ ይናገራል።

መብራት የራሱን ትምህርት ጨመረልን። ላፕቶፕ ብቻ ሳለች መብራት ቢጠፋ በባትሪዋ ትቀጥል ነበር። አሁን ግን መብራት ሲሄድ ፓወር ሰፕላዩ ይጠፋል፣ ካርዱ ከመስመሩ ላይ ድንገት ይሰወራል፣ ላፕቶፗ በባትሪ በርታ ሳለ ደርቃ ትቀራለች። ስለዚህ ያገለገለ ዩፒኤስ ገዝቼ ባትሪውን አስቀየርኩ። 60 ዋት የሚበላ ካርድ ስለሆነ የጀመርኩትን ምስል ጨርሼ በሥርዓት እስካጠፋው የሚበቃ ደቂቃ ይሰጠኝ ነበር። በአዳራሹ ውስጥ የሚዘዋወር አጭር ተንቀሳቃሽ ምስል ስሠራም በአንድ የቪዲዮ ፋይል ሳይሆን እያንዳንዱን ፍሬም ለየብቻው በሥዕል ፋይል አወጣዋለሁ። መብራት ቢጠፋ የሚጠፋው አንድ ፍሬም ብቻ ነው። ብሌንደር ያለውን ፋይል እንዳይደግም ካዘዝኩት ካቆመበት ይቀጥላል። ይህን ዘዴ በትልልቅ ስቱዲዮዎች ያሉ ባለሙያዎችም በሌላ ምክንያት እንደሚሠሩበት በኋላ አወቅሁ፤ እኛን ያስተማረን ግን የሰፈራችን መብራት ነው።

ነገሩን ከወደድኩት በኋላ ታሪኩንም አነበብኩ። አሱስ በ2007 ኤክስጂ ስቴሽን የተባለ በኤክስፕረስካርድ የሚገናኝ የውጭ ግራፊክስ ሳጥን አሳይቶ ነበር። በ2008 ኤኤምዲ ኤክስጂፒ የተባለ የራሱን መንገድ አወጣ። በ2011 ሶኒ ከቫዮ ዜድ ላፕቶፕ ጋር ግራፊክስ ያለበት ማስቀመጫ አቀረበ። በ2015 የተዋወቀው ተንደርቦልት 3 በሰከንድ 40 ጊጋቢት ይዞ ሲመጣና በ2016 ሬዘር ኮር የመሳሰሉ ሳጥኖች ሲወጡ፣ ግራፊክስ ካርድን ከውጭ መሰካት ኬብል እንደማስገባት ቀለለ። አፕልም በ2018 በሥርዓቱ ውስጥ ተቀበለው፤ በ2020 የራሱን ኤም1 ቺፕ ሲያወጣ ግን ከእነዚያ ማሽኖች አስቀረው። በእነዚህ ትልልቅ እርምጃዎች መሀል፣ በተለያዩ አገሮች ያሉ ስማቸው ያልተጻፈ ትጉሃን በአሮጌ ላፕቶፖች ላይ ኮድ 12ን ሲፈቱ፣ የትኛው ካርድ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚሠራ ሲመዘግቡ ኖረዋል። የእኔ ቅዳሜ ማታ የእነሱ ልፋት ፍሬ ነው፤ ለማናቸውም ምስጋናዬን በአካል አላደረስኩም፣ እዚህ ላይ ግን አደርሳለሁ።

ዛሬ ኤክስፕረስካርድ ያለው አዲስ ላፕቶፕ እምብዛም አይመረትም። በምትኩ ብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ኤስኤስዲ የሚሰካበት ኤም.2 ማስገቢያ አለ፤ እሱ እስከ አራት መስመር ይይዛል። ተንደርቦልት ያላቸውም ተበራክተዋል። ምክር የሚጠይቀኝ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የካርድ ስም አልነግረውም። ላፕቶፕህ ስንት መስመር ለውጭ ትሰጣለች? ሥራህ ካርዱ ሜሞሪ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይገባል? ውጤቱን የምታየው በየትኛው ስክሪን ነው? ኃይሉስ ከየት ይመጣል? እያልኩ እጠይቀዋለሁ። እነዚህን የመለሰ ሰው ገንዘቡን በከንቱ አያወጣም።

ምህንድስናውን የጨረሰው ወንድሜ በቅርቡ የአማርኛ ጽሑፍ የሚያነብ ትንሽ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል በቤቱ ለማስኬድ ፈልጎ፣ ባለ 12 ጊጋባይት ካርድ ከላፕቶፑ ጋር ከውጭ አገናኘ። ደውሎ ሲነግረኝ መንገዱ አይጠብበትም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ሞዴሉ አንዴ ካርዱ ላይ ከተጫነ የሚመላለሰው ጥቂት ቃላት ነው እኮ፣ ወንድም ጋሼ» አለኝ። ሒሳቡን ራሱ ሠርቶት ነበር፤ አንድም የማርመው ነገር አላገኘሁበትም።